ግድግዳው ውስጥ የበራው መቶ ዋት

ኅዳር 3

ሰኞ። ደከመኝ። ይኼ እንኳ ዜና አይደለም።

አሥረኛ «ለ» ክፍል ዛሬ የኦምን ሕግ ጀመርኩ። ቮልቴጅ ከላይ፣ ከረንትና ሬዚስታንስ ከታች። ሦስት ማዕዘኗን እጄ ራሱ ያውቃታል፣ እኔ ሌላ ነገር ሳስብ እሱ ይስላል። ምን እያሰብኩ ነበር? ጫማዬን። የግራው ውሃ ያስገባል። ካልሲዬ ረጥቦ ስለ ኤሌክትሪክ ማስተማር... ከኋላ ወንበር አንዷ፣ ሁሌ ጥያቄ የማታጣው፣ «ቲቸር፣ ይኼ ለምን ይጠቅማል?» አለች። በየዓመቱ አንድ ሰው ይጠይቃል። «ቤትሽ ገብተሽ መብራት ስታበሪ ይጠቅምሻል» አልኳት። የሳቀ የለም። እኔም አልሳቅሁም።

ማታ በሩን ስከፍት እማማ ከኋላ ክፍል ሆነው፣ «መጣሽ? እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና።»

ሁልጊዜ ደህና። ቦርሳ በአንድ እጅ፣ ድንች በሌላው፣ የፈተና ወረቀት በብብት... ደህና።

ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈው። እናቱ፣ እማማ፣ ግን ከእኔ ጋር ቀሩ። ሰው ሲጠይቀኝ «እናቴ ናቸው» ብዬ እገላገላለሁ። ማብራራቱ ራሱ ጉልበት ይፈልጋል።

ኅዳር 5

እማማ አዲስ ነገር አመጡ።

«ግድግዳው ይሞቃል።»

«የቱ ግድግዳ?»

«ራስጌዬ ያለው። እስቲ እጅሽን አሳርፊበት።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፣ እጄን ጠርጌ ሄድኩ። አሳረፍኩ። ሞቅ ይላል፣ አዎ። ማሞቂያው እዚያው ክፍል ውስጥ ተሰክቶ፣ ቀይ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ አልጋው አዙሮ ይነዳል። ማሞቂያ ያለበት ክፍል ግድግዳ ባይሞቅ ነበር የሚገርመኝ። እንደዚያው አልኳቸው።

«እንደዚያ ነው?» አሉ።

«እንደዚያ ነው።»

አስተማሪ ነኝና አመኑኝ። ወይም ያመኑ መሰሉ። ወጥቼ ስሄድ ከኋላዬ፣ «ድመቷን ጠይቂያት» ሲሉ ሰማሁ። ድመቷ እውነትም እዚያ ግድግዳ ሥር ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ኅዳር 8

ቅዳሜ። ልብስ ማጠብ፣ ቤት መጥረግ፣ የእማማን መድኃኒት መግዛት። ቀትር ላይ ትዝ ሲለኝ ሄጄ ግድግዳውን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ። እንደማንኛውም ግድግዳ።

«እማማ፣ የታለ ሙቀቱ?»

«አሁንማ ምን ይሞቃል? ሲመሽ ነው እንጂ።»

ሲመሽ የሚሞቅ ግድግዳ... ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። ሰማንያን እያለፉ ነው። ባለፈው ሳምንት ማንኪያዎቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ አግኝቼ ዝም ብያለሁ። መርሳት ጀምሯቸው ይሆን?

ኅዳር 12

ምንም የለም። ድካም ብቻ። ሁለት ክፍል ፈተና ማረም። «ፓወር ማለት ቮልቴጅ ሲካፈል ለከረንት» ብለው የጻፉ አሥራ ምናምን ልጆች፤ ሲባዛ ነው እንጂ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው?

ኅዳር 16

እሑድ። ሚኒስትሯ መጣች።

የባሌ ታላቅ እህት ናት። ይኼን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ በሆዴ ነው የምጠራት። ስትገባ ወንበሮቹ ራሳቸው ቀጥ ብለው የሚቆሙ ይመስለኛል። መጋረጃው አቧራ እንደያዘ አየች፣ እናቷ እንደከሱ አየች፣ እኔም እንደከሳሁ አይታ እሱን ግን አልተናገረችም።

ሻይ እየጠጣን እማማ ድንገት፣ «ግድግዳው ይሞቃል፤ ልጄ በሠራበት በኩል» አሉ።

ሚኒስትሯ ስኒዋን አስቀመጠች። ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ።

«ሰማሻት? ልጄ በሠራበት አለች።»

«መስመሩን የዘረጋው እሱ ስለሆነ ነው፣ እትዬ...»

«እሱን አውቃለሁ! ሲሞት አንዲት እንባ አልወጣትም። አምቃ አምቃ ይኸው ግድግዳ መዳሰስ ጀመረች። ሲያልቅ አያምር።»

እውነት ነው፣ የዚያን ክፍል መስመር የዘረጋው እሱ ነበር። እናቱ ሊመጡ ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ። ግድግዳውን ቦርቡሮ፣ ከሳሎን ገመድ ስቦ፣ መልሶ ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶ። ማታ አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሚስቴ የፊዚክስ አስተማሪ፣ እኔ ኤሌክትሪሺያን፣ እንግዲህ ምን ቀረን?» ሲል... ኤሌክትሪሺያን አልነበረም። የአውቶቡስ ሾፌር ነበር።

ሚኒስትሯ ስትወጣ፣ «እኔ ጋ ብወስዳት ይሻላል» አለች። «አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

ታርፊያለሽ... ቃሉ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ዋለ።

ኅዳር 17

ነገሩን በመሣሪያ ልቋጨው ብዬ ከትምህርት ቤት መልቲሜትር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ተዋስኩ።

ቤተ ሙከራው በር ላይ በቀይ ቀለም የጻፍኩት ሕግ አለ፤ «ከመለካታችሁ በፊት ሁሉን አጥፉ!» አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ጣቱን አቃጥሎ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ነው። ቤቴም ሕጌን አከበርኩ። ማሞቂያውን ነቀልኩ፣ ምድጃውን አጠፋሁ፣ ማቀዝቀዣውን ሳይቀር። ቤቱ ጭጭ አለ። ሳሎን ያለውን ሶኬት ለካሁ፤ 220 ቮልት። የእማማን ሶኬት ለካሁ፤ 220። ልክ መጽሐፉ እንደሚለው።

እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው አፍ አፌን ያያሉ።

«ምንም የለም፣ እማማ።»

«ምንም?»

«ምንም። ደህና ነው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ሌባ ሰበሰቡት።

እዚህ ላይ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር... ለራሴ ካልጻፍኩ ግን ለማን ልጽፍ ነው? ቁጥሩን ሳይ ደስ አለኝ። ቤቱ ደህና በመሆኑ አይደለም። ግድግዳው ደህና ከሆነ እማማ ታመዋል ማለት ነው፣ ከታመሙ ደግሞ ልጅ አላቸው፣ ትውሰዳቸው። ሾርባው፣ ልብሱ፣ የክኒኑ ሰዓት፣ ጉልበታቸውን ማሸቱ... አንድ ወር ብቻ። አንድ ወር ከሥራ መጥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ ብወድቅ ማን ይሞታል? እንዲህ ነው ያሰብኩት። ተጻፈ።

ኅዳር 18

ሚኒስትሯ ጋ ደወልኩ። «በመሣሪያ ለካሁት እትዬ፣ ግድግዳው ምንም የለውም።»

«አላልኩሽም?» አለች። ድምፅዋ ሰለለ። የምታለቅስ መሰለኝ። «በቃ፣ ወሩ ሲያልቅ እሑድ እወስዳታለሁ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ቤቷ ትዝ ያለኝ። ከላይኛው ፎቅ። ሊፍቱ ከተበላሸ ዘመን ሆኖታል። እማማ በዚያ ጉልበት ሰው ተሸክሞ ቢያወጣቸው እንኳ ተመልሰው የሚወርዱ አይመስለኝም። ደጅ ወጥተው ፀሐይ መሞቅ የለም፣ ከጎረቤት ጋር መቀላለድ የለም። መስኮት ብቻ።

መልሼ ልደውል? ምን ብዬ? ደክሞኛል እንጂ ልቤ ክፉ አይደለም ብዬ?

አልደወልኩም።

ኅዳር 20

ነገርኳቸው።

«እሺ» አሉ። ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ሲጨርሱ፣ «ድመቷስ?»

«እትዬን ድመት ያስነጥሳታል፣ እማማ።»

«አዎ፣ ከልጅነቷ ነው» አሉና ቀሚሳቸው ላይ የሌለ ክር መልቀም ጀመሩ።

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 22

ከገበያ ስመለስ የእማማ ክፍል በረዶ። ማሞቂያው ጠፍቷል። ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው፣ ከላዩ የልጃቸውን የሥራ ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ለምን አላበሩም?»

«አልበረደኝም።»

ከንፈራቸው ጠቁሯል! እልኽ ነው። ልሄድ ከሆነማ ምንሽንም አልፈልግም ማለታቸው ነው መሰለኝ። ሄጄ አበራሁት። ዞር ስል ደግሞ አልጋው ከግድግዳው ርቆ ወደ ክፍሉ መሀል ተገፍቷል። ለብቻቸው! በዚያ ጉልበት!

ሚኒስትሯ ይኼን ብታይ ዛሬውኑ ትወስዳቸዋለች። አልጋውን መልሼ ግድግዳው ላይ አስጠጋሁት። እማማ አዩኝ እንጂ አልተናገሩም።

ኅዳር 23

አልጋው ዛሬም ርቋል። ማሞቂያውም ጠፍቷል። መለስኩት፣ አበራሁት።

ኅዳር 25

በችኮላ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢበላሽም ይበላሽ።

አሥረኛ «ለ» ዛሬ ያረጀ ባትሪ ይዤላቸው ገባሁ። ብቻውን ሲለካ አንድ ነጥብ አምስት ቮልት፣ እንደ አዲስ። ትንሿን አምፖል ሳገናኝበት ግን ወደ አንድ ወረደ፣ አምፖሏም ጭል ጭል። ያቺው ጥያቄ የማታጣው ልጅ፣ «ቲቸር፣ ቅድም ደህና አልነበር እንዴ?»

«ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ማን ደህና ያልሆነ አለ?» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ደስ አለኝ፣ ከሳቁልኝ ስንት ጊዜዬ ነው። እየጻፍኩ ቀጠልኩ። «ባትሪው ውስጥ የተደበቀ ሬዚስታንስ አለ። እዚያ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ፣ ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ከረንት ዜሮ ከሆነ የሚጠፋውም ዜሮ ነው። ስለዚህ የታመመ መስመር ሁሉን አጥፍታችሁ ብትለኩት...»

ጠመኔው ቆመ።

ሁሉን አጥፍቼ። ሁሉን አጥፍቼ ነበር የለካሁት!

«ቲቸር?» «ቲቸር፣ ደህና ነሽ?»

የቀረውን ክፍለ ጊዜ የሂሳብ አስተማሪው እንዲይዝልኝ ለምኜ፣ መልቲሜትሩን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ጫማ።

እማማ በካፖርታቸው እንደተጠቀለሉ ናቸው። አልጋው መሀል ላይ። ማሞቂያውን ሰካሁት፣ ፊቱን ከግድግዳው አዙሬ ወደ በሩ አደረግኩት፣ ቀይ እስኪሆን ጠበቅኩ። ሳሎን፤ 220። የእማማ ሶኬት፤ 208።

አሥራ ሁለት ቮልት የት ገባ?

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በተማሪ ወረቀት ጀርባ አሰላሁ። ማሞቂያው ጀርባው ላይ 220 ቮልት፣ 2000 ዋት ይላል፤ ስለዚህ ሬዚስታንሱ ሃያ አራት ኦም ገደማ። 208 ለዚያ ሲካፈል ስምንት ነጥብ ስድስት አምፔር። የጠፋው አሥራ ሁለት ቮልት በስምንት ነጥብ ስድስት ሲባዛ... መቶ ሦስት ዋት። ደግሜ አባዛሁት። መቶ ሦስት። ጥቂቱ በገመዱ ርዝመት ላይ ይጠፋል ብል እንኳ የቀረው አንድ ቦታ ላይ ነው። መስመሩን የሚያቋርጠው ብሬከር ለምን አልወረደም? ከረንቱ ልክ ነዋ! ብሬከር የሚቆጣው ከረንት ሲበዛ ነው፣ እንዲህ ያለውን አያየውም።

ከዚያ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። በመጀመሪያ ምንም። ቆየሁ። ቀስ እያለ መጣ። ከራስጌው በላይ፣ አንድ ስፍራ ላይ ብቻ፣ የሰው ግንባር ሲያተኩስ የሚሞቀውን ያህል። ከማሞቂያው አይደለም፣ ማሞቂያው ጀርባውን ሰጥቶታል። ድመቷ መጥታ እግሬ ሥር ተኛች።

ድሮ ሳሎናችን ቢጫ መቶ ዋት አምፖል ነበር። ጠፍቶ እንኳ በጨርቅ ይዤ ነበር የምፈታው። እሱን የሚያህል ነገር ግድግዳው ውስጥ በርቷል። ከእማማ ትራስ ጀርባ። እና እሳቸው ከእሳቱ ሲሸሹ እኔ አልጋውን እየገፋሁ መልሼ አስጠጋሁላቸው። ሁለት ጊዜ።

ብሬከሩን አወረድኩ። ተመልሼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ልክ ነበሩ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አሁን እጅሽን ታጠቢ፣ ኖራ ሆነሻል።»

ኅዳር 26

ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። መዶሻውን ይዞ፣ ሰላም ብሎ፣ ያለ ብዙ ወሬ ግድግዳውን ፈለጠው። ሽታው ቀድሞ ወጣ፣ የተቃጠለ ላስቲክ። ልስኑ ከውስጥ ከስሏል። የሁለቱ ገመዶች መገናኛ በእጅ ተጠምዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ነበር፤ ፕላስተሩ ቀልጦ መዳቡ ጠቁሯል።

«ምናላችሁ እናንተ፣ ዕድለኞች ናችሁ» አለ። «ብሎኬት ስለሆነ ነው እንጂ እንጨት ቢሆን ኖሮ...» ራሱን ነቀነቀ። «ማነው እንዲህ ላላ አድርጎ የጠመዘዘው? ባለሙያ አይደለም ይኼ!»

እኔና እማማ ተያየን።

«ልጄ ነው» አሉ እማማ። «ጎበዝ ነበር። ግን ችኩል።»

ሰውዬው «ነበር» የምትለዋን ሰማ፣ አቀረቀረ። አዲስ ገመድ ስቦ በብሎን አጥብቆ አሰረው። ሲጨርስ ያቺን የተቃጠለች ቁራጭ አንሥቶ፣ «ልጣላት፣ እናቴ?» አላቸው።

«ጣላት።»

ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ያውም በኤሌክትሪሺያን ፊት፣ ንፍጤ እስኪወርድ። በቀብሩ ቀን እንግዳ መቀበል ነበረብኝ፣ ከዚያ ፈተና ደረሰ፣ ከዚያ እማማ ወደቁ... ጊዜ አልነበረኝም። እማማ ጀርባዬን ቀስ እያሉ ይመቱልኝ ጀመር፣ ሕፃን እንደሚያስገሱ። ሰውዬው መሣሪያውን በጣም ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

ኅዳር 27

ጠየቅኳቸው። «ለምን ደግመው አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ። መሣሪያሽን ይዘሽ መጥተሽ ምንም የለም አልሽ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

«ግን አላመኑኝም። አልጋውን ገፉት።»

«አንቺን አምኛለሁ። እጄንም አምኛለሁ። ምን ላድርግ?»

ማሞቂያውን ሲያጠፉት ግድግዳው እንደሚበርድ ደርሰውበታል። ለዚህ ነው በብርድ የተቀመጡት። እኔ እልኽ አልኩት!

«በዚያ ላይ» አሉ፣ «የሠራው እሱ ነው። አንቺ ያን ሁሉ ተሸክመሽ የሱን ጥፋት ደግሞ ልጨምርብሽ?»

ጎኔን ጎሰም አድርገው፣ «የአዋቂ አጥፊ!» አሉኝ። ሳቃቸው ሲያስላቸው ውሃ አመጣሁላቸው።

ማንኪያዎቹንም ጠየቅኳቸው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ትዝ አላላቸውም። ይኼኛው እውነት ነው፣ ትንሽ ትንሽ መርሳት አለ። ቢሆንስ? እኔስ ቁልፌን ስንቴ ነው በሩ ላይ ትቼ የሄድኩት?

ኅዳር 30

ሚኒስትሯ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። የደነገጠችው ግድግዳውን ስታይ ነው፤ ልስኑ አልደረቀም፣ ከራስጌው በላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ሁሉን ነገርኳት። ሳልሸፋፍን። የለካሁት ተሳስቼ ነው፣ ሁሉን አጥፍቼ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ እሳት ነበር፣ ያወቁት እናትሽ ብቻ ናቸው።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ደውለሽ ምንም የለውም ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«በመሣሪያ ብለሽ!»

«በመሣሪያ።»

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠችና፣ «ይሁን፣ ግድግዳው ሞቀ እንበል። ዕድሜዋስ? እሱንም በብሎን ታጠብቂዋለሽ?» አለች። እውነቷን ነው። አፌን ከፍቼ ሳለሁ እማማ ከአልጋቸው፣

«እኔን የጠየቀኝ አለ?»

ሁለታችንም ዞርን።

«ይኼው አንዷ ልትወስደኝ፣ አንዷ ልታስቀረኝ። ሬሳ ነኝ እንዴ? አፍ አለኝ። እዚሁ ነኝ። ሊፍትሽ የተሠራ ዕለት መጥቼ አንድ ሳምንት እጫወታለሁ። እስከዚያ አንቺ ነይ፣ እሑድ እሑድ፤ ይቺንም ልጅ አሳርፊያት። ሾርባ መሥራት ትችያለሽ መቼም።»

ሚኒስትሯ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ ጀመረች። «ወንድሜን ቀበርኩ፣ አንቺም በእጄ ላይ ሳትሆኚ እንዳታመልጪኝ ፈርቼ ነው» አለች። ለካ እሷም ፈርታ ነው ወንበር ቀጥ የምታደርገው። ይኼን ሁሉ ዓመት ሳላየው። እማማ አጠገባቸው አስቀምጠው እንደ እኔው ጀርባዋን መቱላት።

ስትወጣ ድመቷን ረግጣ አስነጠሳት። «ይማርሽ፣ ሚኒስትር» አሉ እማማ።

ስሙን ከየት ሰሙት? በሆዴ ነው የምለው ብዬ... በስልክ ለሂሳብ አስተማሪው ሳወራ ይሆናል። ሚኒስትሯ እኔን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ሳቀች! ስትስቅ ወንድሟን ነው የምትመስለው።

ታኅሣሥ 2

ቤተ ሙከራው በር ላይ፣ ከአሮጌው ሕግ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ከዚያም አብርታችሁ ድገሙት።» ቀይ ቀለም ስላለቀ በሰማያዊ።

ያቺ ልጅ አለፍ ስትል አነበበችው። «ቲቸር፣ ለምን ሁለት ጊዜ?»

ቤቴን ነገርኳት። ክፍል ገብቼ ለሁሉም ነገርኩ። ስሌቱን ራሳቸው ሠሩት። አንድም ልጅ ቮልቴጅን ለከረንት አላካፈለም። መቶ ሦስት ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ጸጥ አለ። ለምን ይጠቅማል ያለኝ አልነበረም።

ታኅሣሥ 5

ዝናብ። ታክሲ የለም፣ በእግሬ። ስብሰባው ረዝሞ፣ የታረመ ወረቀት በብብቴ፣ ዳቦና ወተት በእጄ። ምንም የተለየ ቀን አልነበረም።

እሑድ ሚኒስትሯ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፣ ጨው እንደምታበዛ እማማ ከወዲሁ አስጠንቅቀውኛል። ልስኑ ደርቋል፣ ቀለሙን ገና አልቀባነውም። ድመቷ ሁለት ቀን የድሮ ቦታዋ ላይ ተኝታ ጠበቀች፣ አልሞቅ ሲላት ተቀይማን እማማ እግር ላይ ወጣች።

በሩን ስከፍት ከኋላ ክፍል፣

«መጣሽ? እንዴት ዋልሽ?»

አፌ እንደ ልማዱ ሊል ነበር። ዳቦው ከእጄ ሊያመልጥ፣ ወረቀቱ ሊረጥብ፣ ቆሜ... አልወጣልኝም።

«ደክሞኛል፣ እማማ። በጣም ደክሞኛል።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ማሞቂያው ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ስገባ ፊቱን ወደ ባዶው ወንበር አዙረውታል። ድመቷን ከእግራቸው አንሥተው መሬት አስቀምጠዋል።

«አውቃለሁ» አሉ። «መቼ እንደምትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። ነይ ቁጭ በይ። ጫማሽን አውልቂ፣ የግራው ውሃ ያስገባል።»

አወለቅሁ።